የእህቴ ልጅ ሦስት ወር ውሃ አቀበለ፤ ኳስ የሚነካው መቼ ነው?

ጥያቄውን የለጠፍኩት ሰኞ ማታ ነው። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ያየሁት ነገር ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ለሰው ካላወራሁት አይወጣልኝም ብዬ ጻፍኩት። ሦስት አራት ሰው ቢመልስልኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር። መልሱ 24 ደረሰ። አሁን የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ለማንበብ እየተቸገረ ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር በየቁጥሩ ላስቀምጠው። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። አንዳንዱን በአጭሩ አልፌዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ቆሜያለሁ።

መነሻው ጥያቄ

የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። የሚያስቸግረው ቀኝ ጎኑ ነው። ቀኝ እጁ ከክርኑ ታጥፎ ይቀራል። ሲራመድ የቀኝ እግሩ ጣት መሬት ይጭራል። አዲስ ጫማ በተገዛለት በወሩ፣ ግራው እንዳለ ሆኖ የቀኙ አፍንጫ ያልቃል። እናቱ መላ ስታጣ፣ ሰፈር ያለው ጫማ ሰፊ የመኪና ጎማ ቆርጦ ጫፉ ላይ ሰፋላት። አሁን ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል።

ኳስ ነፍሱ ነው። የስንቱን ክለብ አሰላለፍ በቃሉ ይዞታል። የሰፈራችን የታዳጊዎች ፕሮጀክት ስናስመዘግበው አሰልጣኙ ፊት አልነሳውም። 14 ቁጥር ማልያ ሰጠው። አመስግነነው ተመለስን። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሥራው ውሃ ማቀበልና የኳሶቹን መረብ መያዝ ሆነ። ሌሎቹ ልምምድ ሲሠሩ እሱ ብቻውን ከግድግዳ ጋር ይቀባበላል።

ቅዳሜ ግጥሚያ ነበራቸው። ቡድኑ 5 ለ 0 እየመራ ነው። ልጁ ዛሬስ እገባለሁ ብሎ ታኬታውን ማሰር ጀመረ። በአንድ እጅ ስለሆነ የሚያስረው ጊዜ ይወስድበታል። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ስቦ፣ አንዱን የገመድ ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ሌላውን በግራ እጁ ይጎትታል። አስሮ ቀና ሲል ፊሽካው ተነፋ። ጨዋታው አለቀ። ምንም አላለም። ባዶ ጠርሙሶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

የጠየቅኩት ይህንን ነው። ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንዲጫወት እንታገል? ወይስ እንደሱ ያሉ ልጆች ለብቻቸው የሚጫወቱበት ቡድን እንፈልግለት?

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ መልካም ሰው ናት። ልጁን እግዚአብሔር እንዲምረው ተመኘች። አሰልጣኙንም እናመስግነው አለች። ሌላ ቦታ ቢሆን ልጁ ገና ከበር ይመለስ ነበር ባይ ናት።

መልስ 2

ይህችኛዋ እናት ናት። እሷም ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ሴት ልጅ አለቻት። በትህትና፣ ግን ፍርጥ አድርጋ 1ኛዋን አረመቻት። ልጁ አልታመመም፤ ስለዚህ እስኪድን የሚጠበቅ ነገር የለም አለች። ከመወለዱ በፊት፣ ሲወለድ ወይም በጨቅላነቱ አንጎሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ አይሄድም። ጡንቻው ግን ካልተንቀሳቀሰ እየተሳሰረ ይመጣል። ስለዚህ መሮጥ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱን ነው። አሰልጣኙ ዳር ሲያስቀምጠው የጠበቀው ይመስለዋል፤ የልጁ እግር ግን የሚጎዳው እዚያው ዳር ላይ ነው ስትል ጨረሰች። 1ኛዋ መላሽ ልብ ሰጥታት አለፈች።

መልስ 3

ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ለኔ የዚህ ሁሉ ውይይት እምብርት የሳቸው መልስ ነው።

ጥያቄዬ ከመነሻው ዘመም ያለ መሆኑን ጠቆሙኝ። እኔ ልጁን ወዴት እንውሰደው እላለሁ። እሳቸው ጨዋታውን ለምን አናመጣለትም አሉ። የሰፈር ልጆች ሁልጊዜ ሕግ ይቀይራሉ። ቦታው ሲጠብ አምስት አምስት ይሆናሉ። መሀላቸው ትንሽ ልጅ ካለ ጠንክሮ መምታት ይከለከላል። በረኛ ሲጠፋ የጎሉን ድንጋይ ያቀራርባሉ። በካልሲ ኳስ ያደግን ሰዎች ለአንድ ልጅ ብለን ሕግ መቀየር እንዴት ያቅተናል ሲሉ ጠየቁ።

ቀጥለው ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ተጫዋቾች በዓለም ደረጃ እንዴት እንደሚጫወቱ አስረዱ። በአንድ ቡድን 7 ሰው ይሰለፋል። ሜዳውም ጎሉም ከመደበኛው ያንሳል። አንዱ አጋማሽ 30 ደቂቃ ነው። ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም። የእጅ ውርወራውን በአንድ እጅ መሬት ለመሬት ማንከባለል ይፈቀዳል። ብዙዎቹ ልክ እንደ እህቴ ልጅ ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ማንሳት ይቸግራቸዋላ።

ከሁሉ የያዘኝ ግን የምደባው ነገር ነው። ተጫዋቾቹ እንደ ጉዳታቸው መጠን በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ። በጣም የሚቸገሩት 1ኛ፣ ቀለል ያለባቸው 3ኛ ናቸው። ሕጉ ከ1ኛ ደረጃ ቢያንስ አንድ ሰው ሁልጊዜ ሜዳ ላይ እንዲኖር ያስገድዳል። ከ3ኛ ደረጃ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማሰለፍ አይቻልም።

ይህችን ደጋግሜ አነበብኳት። በጣም የሚቸገረው ልጅ የሚገባው አሰልጣኙ ስላዘነለት አይደለም። እሱ ከሌለ ቡድኑ ሕግ ይጥሳል። ስለዚህ አሰልጣኙ ወደደም ጠላም ያሠለጥነዋል። ኳስ ያቀብሉታል። ቦታውን ያስተምሩታል። እኛ ሰፈር ግን የልጁ ነገር በአንድ ሰው ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

መልስ 4፣ 5 እና 6

4ኛው ወጣት ሳይሆን አይቀርም። መምህሩን አንተ እያለ ነው የጻፈው። ይህ ጨዋታ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ላይ ስላለ ልጁ ከወዲሁ ብሔራዊ ቡድን ማሰብ አለበት አለ። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አምጥታለች፤ ሩጫ ላይ ያየነውን ኳስ ላይ ለምን አናይም ሲል በጉጉት ጻፈ።

5ኛው ሁለት ነገር አረመው። አንደኛ፣ የሴሬብራል ፓልሲ እግር ኳስ ከ1984 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፓራሊምፒክ ላይ የነበረ ቢሆንም ከ2016ቱ ሪዮ በኋላ ወጥቷል። በበቂ አገሮች አልተስፋፋም ተብሎ ነው የቀረው። የዓለም ዋንጫው ግን ቀጥሏል። ሁለተኛ፣ የሚያናግራቸው ሰው አባት የሚሆኑት ስለሆነ አንቱ ቢላቸው ጥሩ ነው አለው።

6 ላይ ወጣቱ ተመልሶ መጣ። ዕድሜያቸውን ስላላወቀ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲያ አንቱታውን አልረሳም። መምህሩም ወርቅ የምታመጣ አገር የልጆች መጫወቻም ታዘጋጅ ብለው ስለ ጉጉቱ አመሰገኑት።

መልስ 7

እዚህ ላይ ነገሩ ከረር አለ። ጸሐፊው ሌላ ሰፈር የታዳጊ ፕሮጀክት አሠልጣኝ ነው። እናንተ ከቤታችሁ ሆናችሁ ትጽፋላችሁ፤ ሜዳው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ በሚል ቁጣ ነው የጀመረው። አርባ ልጅ አለው። ያሉት ኳሶች አራት ናቸው። ደመወዝ የለውም። ወላጅ ሁሉ ልጁ ለክለብ እንዲታይለት ይፈልጋል። ከጤነኛ ልጆች ጋር ቀላቅሎት አንድ ነገር ቢሆን ማነው የሚጠየቀው አለ። ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች የራሳቸው ቦታ ይፈለግላቸው ሲል ደመደመ።

ሳነበው ደሜ ፈላ። መልስ ጽፌ አጠፋሁት። ሲያድር ግን ግማሹ እውነት መሆኑ ታየኝ። አርባ ልጅ በአራት ኳስ የሚያሠለጥን፣ አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ነገር ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ፍርሃቱን ሕግ አድርጎ ልጅ ሲያስቀርበት ነው።

መልስ 8

እኔ ያጠፋሁትን መልስ እሷ ጻፈችው፤ እጅግ አሳምራ። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት በሁለት ክራንች የምትሄድ ሴት ናት። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ስምንት ዓመት ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጣ የክፍሉን ሹራብና ደብተር ስትጠብቅ እንደኖረች ነገረችን። የየትኛው ልጅ ሹራብ ምን እንደሚሸት እስካሁን ታውቃለች። ለደህንነቷ ነው ይሏት ነበር። በዚያው ስምንት ዓመት ውስጥ ስንቱ ልጅ ኳስ ሲጫወት እጁን ሰበረ፣ ጥርሱን አወለቀ፤ ኳሱ ግን ለማንም አልተከለከለም። መውደቅ ለሌላው ልጅ ጨዋታ፣ ለእሷ አደጋ የሆነው በምን ሒሳብ ነው ስትል 7ኛውን ጠየቀችው። ጤነኛ ልጆች የሚለውን ቃልም እንዲያነሳ ነገረችው። እሷ ታማሚ አይደለችም።

7ኛው ለሁለት ቀን ዝም አለ። በኋላ እንመጣበታለን።

መልስ 9

አንድ እግሩን በመኪና አደጋ ያጣ ሰው ነው። በየሳምንቱ ከጓደኞቹ ጋር በክራንች ይጫወታል። 8ኛዋን አይዞሽ ብሎ ስለ ክራንች ኳስ አወራን። ጨዋታው የተጀመረው በ1980ዎቹ አሜሪካ፣ ሲያትል ነው። ስድስቱ ተጫዋቾች አንድ እግር ያላቸው ናቸው፤ ሰው ሠራሽ እግር አውልቀው በክራንች ይሮጣሉ። በረኛው አንድ እጅ ያለው ሲሆን ከሳጥኑ መውጣት አይፈቀድለትም። ክራንቹ ሆን ተብሎ ኳስ ከነካ እንደ እጅ ይቆጠራል። ሸርተቴ ክልክል ነው።

አንጎላ በ2018 ሜክሲኮ ላይ የዓለም ዋንጫውን መውሰዷን ጠቀሰ። በ2022 ኢስታንቡል ላይም ለፍጻሜ ደርሳ በቱርክ 4 ለ 1 ተሸንፋለች። ፈንጂና ጦርነት ብዙ ሰው እግር ያሳጣበት አገር ነው። በኛም አገር በጦርነት እግራቸውን ያጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ እነሱን ማን ሜዳ ይጠራቸዋል ሲል ጠየቀ። ለዚህ የመለሰለት የለም። እኔም የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄው ግን እዚህ መቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ጨመረ። መጀመሪያ የሚደክመው እግር ሳይሆን መዳፍ ነው። በመጀመሪያው ወር መዳፉ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ እንደገና ቋጥሯል። የክራንቹን መያዣ በብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ጠምጥሞ ነው የተገላገለው።

መልስ 10፣ 11 እና 12

እዚህ ጋ ከመንገድ ወጣን። 10ኛው ፖላንዳዊው ማርቺን ኦሌክሲ በአንድ እግሩ፣ በክራንች ተደግፎ አየር ላይ ተገልብጦ ያስቆጠራትን ጎል አነሳ። ፊፋ ለዓመቱ ምርጥ ጎል የሚሰጠውን የ2022 የፑሽካሽ ሽልማት ያገኘው በእሷ ነው። ከሙሉ አካል ተጫዋቾች ጋር ተወዳድሮ ነው ያሸነፈው። 11ኛው ግን ሪቻርሊሰን በዓለም ዋንጫው ሰርቢያ ላይ ያገባት ትበልጥ ነበር፣ ለኦሌክሲ የሰጡት በርኅራኄ ነው ብሎ ሙግት ጀመረ። 12ኛው ሁለቱንም ወደ ርዕሱ እንዲመለሱ ለመናቸው። እግረ መንገዱን ግን ሪቻርሊሰን ሁለት ክራንች ይዞ ያንን ይሞክረው አለ። እኔም እስማማለሁ። ያቺን ጎል አይቶ ርኅራኄ የሚታየው ሰው ኳሷን ትቶ ክራንቹን ነው ያየው።

መልስ 13

ጀርመን፣ ሃምቡርግ የሚኖር ወገናችን ነው። እዚያ የአይነ ስውራን እግር ኳስ ከ2008 ጀምሮ የራሱ ቡንደስሊጋ አለው። ሳንት ፓውሊን የመሰለ ክለብ አይነ ስውራን ቡድን አለው። አንዳንዱን ግጥሚያ ስታዲየም ሳይሆን የከተማ አደባባይ ላይ ሜዳ ዘርግተው ያካሂዱታል። ሰዉ ገበያ ሲወጣ ቆሞ ያያል።

እሱን የገረመው ዝምታው ነው። ኳሱ ውስጥ የሚያንሿሿ ነገር አለ፤ ተጫዋቾቹ በእሱ ድምፅ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ተመልካች ጎል እስኪገባ ትንፍሽ አይልም። ወደ ኳስ የሚሄድ ተከላካይ ቮይ ብሎ መጮህ አለበት፤ መጣሁ እንደማለት ነው። ሳይጮህ ከሄደ ጥፋት ነው። አንዱ ተጫዋች ኳሷን ከእግሩ ሳያርቅ ሦስት ሰው በአብዶ ሲያልፍ አይቶ መጮህ አምሮት አፉን በእጁ እንደያዘ ጻፈ። በረኛውም አይነ ስውር መሆኑ እንዳስደነቀው ጨመረ።

መልስ 14

ይህኛው አይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ነው። መልሱን በስልኩ ድምፅ እያዳመጠ ነው የሚጽፈው። 13ኛውን አመስግኖ አንድ ነገር አረመ። በረኛው ያያል፤ ግን ጎሉ ፊት ካለች ትንሽ ሳጥን መውጣት አይችልም። የቀሩት አራቱ እኩል እንዲሆኑ ሁሉም ዓይናቸውን ይሸፈናሉ።

ብራዚል ከ2004 እስከ ቶኪዮ አምስቱንም የፓራሊምፒክ ወርቅ ወስዳ ነበር። በ2024 ፓሪስ፣ ከኤፍል ማማ ሥር፣ ፈረንሳይ አርጀንቲናን በሪጎሬ አሸንፋ ወሰደችው። ሞሮኮ ደግሞ ቶኪዮ ላይ ነሐስ አግኝታለች። አፍሪካ አይችልም የሚል ሰው እሷን ይይ አለ።

ከዚያ የልጅነቱን ነገረን። በተማረበት አዳሪ ትምህርት ቤት የሚያንሿሿ ኳስ አልነበረም። ተራውን ኳስ ፌስታል ውስጥ ከተው ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ሲንከባለል ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል። ችግሩ ኳሱ የቆመ ጊዜ ነው። ሲቆም ይጠፋል። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ይቆማል፤ አንዱ በእግሩ እስኪያገኘው። ያገኘው ሰው ወዲያው ይመታዋል፤ አለዚያ ስምንት ሰው ይከመርበታል። ክረምት ላይ ፌስታሉ ሲርስ ድምፁ ይሞታል። ያኔ ጠጠር የገባበት ቆርቆሮ ይመታሉ። ቅልጥሙ ላይ ያለው ጠባሳ የቆርቆሮ ነው። በሕይወቱ ከተጫወተው ሁሉ የሚናፍቀው ያንን ነው።

መጨረሻ ላይ ሕግ ጠቀሰ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 አለው። አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታና በስፖርት እንዲሳተፉ መንግሥታት ተገቢውን እርምጃ ይውሰዱ ይላል፤ በትምህርት ቤት ያለውንም ይጨምራል። የእህትህ ልጅ የሚጠይቀው ችሮታ አይደለም ሲል ነገረኝ።

መልስ 15

ከሜሪላንድ የጻፈች እናት ናት። ኦቲዝም ያለበት ልጇ ቶፕሶከር የሚባል ፕሮግራም ይሄዳል። እያንዳንዱ ልጅ አጠገቡ አብሮት የሚሮጥ በጎ ፈቃደኛ አለው። ልጇ ሄዶ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ ደስታዋ ወሰን የለውም። ግን በግልጽ አንድ ነገር አለች። አራት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን የጎረቤት ልጅ ኑ እንጫወት ብሎ በሩን አንኳኩቶ አያውቅም። ልጇ ኳስ አገኘ፤ ጓደኛ ግን አላገኘም። ስለዚህ ሰፈሩን እንዳልለቅ መከረችኝ። ይህን መልስ ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ግን ስልኩን ተቀብላኝ ለራሷ ደግማ አነበበችው።

መልስ 16፣ 17 እና 18

16ኛው የስፔሻል ኦሊምፒክስን የቅይጥ ቡድን አሠራር አስተዋወቀን። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው በአንድ ቡድን ይጫወታሉ። በ7 ሰው ጨዋታ 4ቱ ውስንነቱ ያለባቸው፣ 3ቱ አጋሮች ናቸው። በ11 ሰው ደግሞ 6 እና 5። 17ኛው ይህንን አጣጣለው። አንድ ውድድር አይቶ ሦስቱ አጋሮች እርስ በርስ ሲቀባበሉ አራቱ ቆመው ያዩ ነበር፤ ይህ ለፎቶ ካልሆነ ለምን ይሆናል አለ። 18ኛዋ በዚያ ቡድን አጋር ሆና የተጫወተች ልጅ ናት። ትንሽ ቆጣ ብላ መለሰችለት። ያየው ሕግ የተጣሰበት ጨዋታ ነው። አጋር ጨዋታውን ጠቅልሎ እንዳይዝ ደንቡ ይከለክላል። እሷ ራሷ በመጀመሪያ ጨዋታዋ ሁለት ጎል አግብታ አሠልጣኟ አስወጥታታለች። የዚያን ቀን ተናድዳ ነበር። አሁን ትክክል እንደነበረች ታምናለች።

መልስ 19

አጭር ናት። መስማት የተሳነው ወንድም ያለው ሰው ነው። የወንድሙ ቡድን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ጻፈ፦ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ባንዲራም ያውለብልብ። የመስማት የተሳናቸው ኦሊምፒክ ከ1924 ጀምሮ እግር ኳስ አለው። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ስንት ብር ነው?

መልስ 20

ይህኛው በቀጥታ ወደኔ ነው የመጣው። ሃያ ሰው ስለ ልጁ ሲወስን ልጁን የጠየቀ አለ ወይ አለኝ። አጎት ነኝ ብለህ ስለ ጫማው አፍንጫ ስትጽፍልን ምን እንደሚፈልግ አንድ መስመር አልጻፍክም ሲል ወቀሰኝ። ልክ ነው። አልጠየቅኩትም። ስልኬን አስቀምጬ እህቴ ቤት ሄድኩ።

መልስ 21 (የኔ)

ልጁ የነገረኝን ጻፍኩላቸው። ሌላ ቡድን ቢኖር ሄዶ ማየት ይፈልጋል፤ እንደሱ የሚሮጥ ሰው አይቶ አያውቅም። ሰፈሩን ግን አይለቅም። በረኛ መሆን አይፈልግም፤ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያቆሙት። ሦስተኛውን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነው። እሱ ኳስ ሲይዝ ልጆቹ ቆመው ይለቁለታል። እንዲነጥቁት ይፈልጋል።

መልስ 22 እና 23

መምህሩ ቅዳሜ ራሳቸው እንደሚመጡ ጻፉ። 23 ላይ ያ የተቆጣው 7ኛው አሠልጣኝ ተመለሰ። ለ8ኛዋ መልስ አጥቶ ነው ዝም ያለው። ጤነኛ ያለውን ቃል አነሳ። ከዚያ መምህሩን ጠየቀ፦ አርባ ልጅ ይዞ፣ አራት ኳስ ብቻ እያለው፣ ከየት ይጀምር? መምህሩ እዚያው ሥር ረዘም አድርገው መለሱለት። ሜዳውን ለአራት ክፈለው። አምስት አምስት ሆነው በጠባቡ ይጫወቱ፤ ኳስ ለሁሉም ይደርሳል። የኳሱን ነፋስ ትንሽ አስተንፍስለት፤ አይነጥርም፣ አይሸሽም። የእጅ ውርወራ ተውና ያንከባልሉ። ውሃ ማቀበል በተራ ይሁን፤ አምበሉም ያቀብል።

ቅዳሜ የሆነው

መምህሩ ባርኔጣ አድርገው፣ በፌስታል ኖራ ይዘው መጡ። የኛን አሰልጣኝ ለብቻው ወስደው አናገሩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዴት እንደሚያደርግ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው የፈራው። ሜዳውን በኖራ አጠበቡት። ሰባት ለሰባት ሆኑ። ልጁን ግራ ክንፍ ላይ አቆሙት፤ ጠንካራው እግሩ ወደ መስመሩ እንዲሆን።

መጀመሪያ ኳስ ሲደርሰው አመለጠችው። ሁለተኛም። ሦስተኛው ላይ በግራው አቁሞ ሊዞር ሲል የሌላው ቡድን 4 ቁጥር፣ ጠንከር ያለ ልጅ፣ መጥቶ ከነኳሱ ጠረገው። ልጁ በሆዱ ወደቀ። ሜዳው ጸጥ አለ። እህቴ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ተነሣች። አሰልጣኙ ፊሽካ ነፋ። ልጁ በግራ እጁ ተደግፎ ተነሣ፤ ጉልበቱ ተልጦ አቧራው ከደሙ ጋር ተቀላቅሏል። እየሳቀ ነበር። ኳሷን ማንም ሳይነካት አንስቶ ቦታዋ ላይ አስቀመጠ። ቅጣት ምቱን እኔ ነኝ የምመታው አለ። መታው፤ ተከላካይ ላይ ነጥሮ ወጣ።

በእረፍት አምበሉ ውሃ አዞረ። ልጁ ጋ ሲደርስ ጠርሙሱን ከፍቶ ሰጠው።

ጎል አላገባም። ቡድኑም 2 ለ 1 ተሸነፈ። ማታ እናቱ ጉልበቱን ልታጥብለት ስትል ትንሽ ትቆይ ብሎ ለመናት።

መልስ 24

ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅ አባት ነው። ልጁ በአንድ ክራንች ትሄዳለች። ቅዳሜ ሴት ልጅም ትገባለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይዟት እንዲመጣ ጻፍኩለት። መምህሩ ከሥር አንድ ነገር አከሉ፦ የክራንቿን ጫፍ ጎማ አስቀድሞ ይየው፤ ሜዳችን ጠጠር ነው፣ ጎማው ካለቀ ያንሸራትታታል። እኔም የጫማ ሰፊውን ሱቅ አመለከትኩት።